ድምፅ አልተገኘም

በሕይወቴ ዶሮ እንኳ አርጄ አላውቅም፤ ደም ሳይ ፊቴን አዞራለሁ። ሰው ግን ገድያለሁ። የገደልኩት ሰው ያለው ጎንደር ነው፤ እኔ ደግሞ እዚህ እስራኤል፣ አሽቀሎን፣ አቲቆት ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በካልሲ ተቀምጬ ነበር። መሣሪያዬ አንድ ጥቁር መስመር ነው፤ ውፍረቱ ከክብሪት እንጨት አይበልጥም። ሟቹ ስለ መሞቱ ምንም አልሰማም። የሰማችው እህቱ ናት፤ የእሷ በረንዳ ደግሞ ከእኔ በረንዳ ፊት ለፊት ነው።

እንዲህ ያለ ነገር እንዴት እንደሚደረግ ላስረዳ። ከባድ አይደለም፤ ትንሽ ዕውቀትና ብዙ ይሉኝታ ይበቃል።

እኛ ቤተ እስራኤላውያን ከጎንደር በሱዳን በኩል ወደዚህ በመጣን ጊዜ ገና ጎልማሳ ነበርኩ። ፋብሪካ ገባሁና ካርቶን ሳጣጥፍ ኖርኩ። ፋብሪካው ሲዘጋ ሥራ አገናኙ ቢሮ «ኩርስ ግባ» አለኝ፤ ሥልጠና ማለቱ ነው። ክፍት የነበሩት ሁለት ናቸው፤ የፀጉር ሥራና የድረ ገጽ ሥራ። ያኔም መላጣ ነበርኩና በፀጉር ጉዳይ ማን ያምነኛል ብዬ ወደ ሁለተኛው ሄድኩ። እንጀራ አልወጣልኝም፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የኖርኩት የትምህርት ቤት በር ጠብቄ ነው። ሙያው ግን እጄ ላይ ቀረ። ሌላው ሰው ቁማር ይለምዳል፣ እኔ ድረ ገጽ ለመድኩ።

ስለዚህ ሞአዶኑ፣ የጡረተኞች ክበባችን ማለቴ ነው፣ ድረ ገጽ ባማረው ጊዜ ሌላ ሰው አልተፈለገም። ከእኛ አንዱ ለጉብኝት ወደ ጎንደር ሲሄድ መቅረጫ አስያዝነው። እዚያ ቀርተው ወደ እስራኤል ለመግባት ተራ የሚጠብቁ ዘመዶቻችንን ፎቶ አነሳ፣ ሰላምታቸውን ቀዳ። እኔም ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ ሠራሁ፤ ከላይ ፎቶ፣ ከሥሩ ድምፅ። የመጀመሪያውን ገጽ ለሙከራ ብዬ ለራሴ አደረግኩት። ሰላምታዬም «እኔ ደህና ነኝ፤ ወሬ አትላኩልኝ፣ ጠላ ላኩልኝ» የሚል ነበር።

ጥፋቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ዘመን ብራውዘር፣ ድረ ገጽ የምናይበት መስኮት ማለት ነው፣ ብቻውን ድምፅ ማሰማት አይሆንለትም ነበር። ፕለጊን የሚባል ተቀጥላ ይጫንለታል። አንዱ ቤት ተቀጥላው አለ፣ ሌላው ቤት የለም። በሌለበት ቤት ገጹ ሲከፈት አንድ ግራጫ ሣጥን ብቅ ይልና «የጎደለህ ነገር አለ፤ ፈልገህ ጫን» ይላል፣ ያውም በዕብራይስጥ። ይህ አልተዋጠልኝም። ሽማግሌ ሰው የወንድሙን ድምፅ ሊሰማ ቁጭ ባለበት «የጎደለህ ነገር አለ» ይባላል? ከዚያ ልጁን ይጠራል። ልጁ በረጅሙ ይተነፍስና «አባ፣ ሹብ?» ይላል፤ «ደግሞ?» እንደማለት ነው። ሽማግሌው ያፍራል። እኛ ዘንድ የቤቱ ሰው አስቀድሞ ጓዳ ገብቶ ያያል፤ እርጎ ከሌለ የእርጎ ስም ጭራሽ አይነሳም። እንግዳም አያፍር፣ ባለቤትም አያፍር።

እኔም ጓዳ ገብቶ የሚያይ ስክሪፕት፣ ገጹን የሚያዝ ጽሑፍ ማለት ነው፣ ጻፍኩ። ገጹ ገና ሲከፈት ብራውዘሩን በጆሮው ጠጋ ብሎ «እንዲህ የሚባል ተቀጥላ አለህ ወይ?» ይለዋል። አለኝ ካለ ማጫወቻው ይወጣል። የለኝም ካለ ማጫወቻው እንዳልነበረ ይሆናል። ማጫወቻው ሲጠፋ ፎቶው ብቻውን ተንሳፍፎ ሲያስጠላኝ ጊዜ፣ ለማማር ያህል ዙሪያውን ጥቁር ክፈፍ አደረግኩለት። ከሥሩም በትንንሽ ፊደል «ድምፅ አልተገኘም» ብዬ ጻፍኩ። ራቅ ብዬ አየሁት፣ ወደድኩት። የፀጉር ሥራውን መርጬ ቢሆን ኖሮ የስንቱን ራስ አበላሽ እንደነበር ከዚህ መገመት ይቻላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ስክሪፕት ሥራውን የሚሠራው በእንግዳው ቤት፣ በእንግዳው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ይጠይቃል፣ ይመለስለታል፣ ይፈርዳል፤ ለእኔ የሚደርሰኝ ወሬ የለም። በየሰው ሳሎን በስሜ የሚፈርድ ዳኛ አስቀምጬ፣ እኔ በረንዳዬ ላይ ሱፍ እቆረጥማለሁ።

ልጄ ነግራኛለች። ቴል አቪቭ በኮምፒውተር ሥራ ነው የምትኖረው፤ አርብ አርብ በባቡር ትመጣለች። አንድ አርብ ክፈፌን በስልኳ አየችና ሳቋ ጠፋ።

«አባ፣ ይኼ ተቀጥላ እኮ ቀርቷል። አሁን ብራውዘሩ ራሱ ያሰማል። ያንተ ገጽ ግን የሞተ ስም እየጠራ ይጠይቃል፤ የለም ይባላል፤ ከዚያ ደህናውን ድምፅ ይደብቃል። ስም እየጠራህ አትጠይቀው። ድምፁን ስጠው፤ ከቻለ ያሰማል፣ ካልቻለ ያኔ ትናገራለህ።»

«እኔ ቤት ይሠራል» አልኳት።

«አንተ ቤት የሚሠራው ኮምፒውተርህ ስላረጀና እንዳይታደስ ስለከለከልከው ነው።»

«ያረጀ ሁሉ ይታደስ ከተባለ እኔስ ልቀር ነው?» አልኩና ነገሩን በሳቅ አሳለፍኩት። በሳቅ ማሳለፍ የሚባለው ልማዴ ብዙ ነገር አበላሽቷል፤ እንደዚህ ጊዜ ግን አላበላሸም። ደግሞም ገጹን የሚከፍት ሰው ያለ አልመሰለኝም ነበር። ፎቷቸው የተነሳው ዘመዶች አብዛኞቹ እዚህ ገብተዋል፤ በድምፅ ፈንታ በአካል እየመጡ ይጨቀጭቁናል።

አንድ ሰው ቀርቶ ነበር፤ የእትዬ ወንድም። እትዬ ማለት በረንዳዋ ከእኔ ፊት ለፊት ያለው ናት። በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ በምላስም ትበልጠኛለች። ወንድሟ እዚያው ጎንደር ተራውን እየጠበቀ አርጅቷል። የልጅ ልጇ፣ ወታደር ናት፣ የእትዬን ኮምፒውተር አስተካክላ አንዲት ምልክት አስቀመጠችላት፤ እሷን ስትጫን የወንድሟ ገጽ ይመጣል። እትዬ ከኮምፒውተር የምታውቀው ያችን ብቻ ነው። ማለዳ ማለዳ ተጭና «እህቴ፣ እንደምን አለሽ፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው» ሲላት ትሰማለች፤ «አለሁ» ትለዋለች፤ ታጠፋዋለች።

ከፋሲካ በኋላ ነው። አንድ ማለዳ ከክበቡ ሰብሳቢ ጋር፣ የድሮ የፋብሪካ ጓደኛዬ ነው፣ ከጸሎት ቤት ስንወጣ፣ በዚያው ለእትዬ ለሰንበት የሚሆን ዳቦ እንድትጋግርልን እንንገራት ተባባልን። ሁለታችንም ነጠላችንን እንደለበስን ነን። በሩን አንኳኳን። ከፈተች። እኔን አየች፣ ጓደኛዬን አየች፣ ነጠላችንን አየች።

«መጣችሁ» አለች።

«መጣን» አልኳት፣ ፈገግ ብዬ።

«ሁለት ብቻ? ቄሱስ?»

«ለዚህ ለዚህ ቄሱን ምን እናደክማቸዋለን፣ እኛ አንበቃም?» እኔ የማስበው ስለ ዳቦ ነው።

እትዬ ሻሿን ከራሷ ሳበች፣ መሬት ላይ ዘፍ አለች፣ ወንድሟን በስሙ ጠርታ ማልቀስ ጀመረች።

እኛ ዘንድ ለቅሶ ሲጀመር አስቀድሞ ማልቀስ ነው፤ ማን እንደሞተ ኋላ ይጠየቃል። ጓደኛዬ ወዲያው አገዛት። እኔም ነጠላዬን ፊቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ፣ ከልቤ ነው። ያን ሰው ልጅ ሆኜ አውቀዋለሁ፤ ዋና ሲያስተምረኝ ሊያሰምጠኝ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ጓደኛዬ በነጠላው ሥር ጠጋ አለኝና «መቼ ነው ያረፈው?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቄ» አልኩት። «አንተ አይደለህም እንዴ ሰብሳቢው?»

እዚህ ላይ ሁለታችንም ቀስ ብለን ለቅሶውን አቆምን። ጓደኛዬ ጎሮሮውን ጠረገ።

«እትዬ» አልኳት፣ «ማን ነው የነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል? ሁላችሁም ደብቃችሁ አይደል? የነገረኝ ገጹ ነው።»

በጣቷ ወደ ኮምፒውተሩ አመለከተች። ሄጄ ያችን ምልክት ተጫንኩ። ወንድሟ መጣ፤ ቆብ አድርጓል፣ ፀሐይ ዓይኑን ወግቶት ጨፈን አድርጎታል። ዙሪያውን ጥቁር ክፈፍ፤ ከሥሩ «ድምፅ አልተገኘም»።

ለዓመታት አይቼው የማላውቀው የገዛ እጄ ሥራ ነው፤ አሁንም አልክድም፣ ክፈፉ አምሮ ነበር።

እትዬ ከመሬት ሳትነሳ ነገረችኝ። ከፋሲካ በፊት አንድ ማለዳ ምልክቷን ብትጫን ወንድሟ ዝም አላት፣ ጠቁሮም መጣ። ወደ ልጇ ደውላ «ወንድሜ ደህና ነው?» አለቻት። «ደህና ነው እማ፣ መስመሩ ነው ያስቸገረ» አለቻት። እውነቷን ነበር፤ ያን ሰሞን ወደዚያ አካባቢ ስልክ አይገባም ነበር። ግን መርዶ የሚደብቅ ሰውስ ከዚህ ሌላ ምን ይላል? እትዬ ደግማ አልጠየቀችም። የጠረጠረ ሰው አይጠይቅም፤ ሽማግሌ እስኪመጣ ይጠብቃል። ጠበቀች። የጆሮ ወርቋን አውልቃ አስቀመጠች። በር በተንኳኳ ቁጥር እኛ መስለናት ስንት ጊዜ ሻሿን እንደያዘች፣ የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ነው እንዴ፣ ጎረቤት ነው እንዴ፣ እሷ ታውቃለች።

«ታዲያ ከልጅ ልጅሽ የምረቃ ሰልፍ የቀረሽው ለዚህ ነው?» አላት ጓደኛዬ።

«ሐዘን ላይ ያለ ሰው ደስታ ቤት ይሄዳል? እግሬን አሞኛል አልኳት።»

ያን ሰልፍ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ልጅቱ የመኮንነት ትምህርቷን ጨርሳ ማዕረግ የተቀበለችበት ነው።

ከአፌ የወጣውን የመጀመሪያ ቃል ብደብቀው ደስ ይለኝ ነበር። «ማኽሼቩ ነው የተበላሸ» አልኩ፤ ኮምፒውተሩን ነው።

እትዬ ቀና አለች። «ማኽሼቩን እኮ ያደሰችልኝ የልጅ ልጄ ናት። ከፋሲካ በፊት ለዕረፍት መጥታ 'ሳቭታ፣ አያቴ፣ እንደ አዲስ አደረግኩልሽ' ብላኝ ሄደች። እሷ ናታ ያበላሸችው?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ልጅቱ ስታድሰው ያ ያረጀ ተቀጥላ ተነሳ፣ የእኔ ስክሪፕት ደግሞ ያንኑ ፈልጎ አጣው። አዲሱ ብራውዘር ድምፁን ያለማንም እርዳታ ማሰማት ይችል ነበር፤ ዕድል አልሰጠሁትም። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ዝም አልኩ። ዝምታዬ ጥፋቱን አንስቶ ልጅቱ ትከሻ ላይ አስቀመጠው፤ ትከሻዋ ላይ ደግሞ ማዕረግ እንጂ የእኔ ዕዳ አይገባም ነበር። ጓደኛዬ አየኝ። ሰውዬው አሥራ ምናምን ዓመት አብሮኝ ካርቶን አጣጥፏል፤ ስዋሽ ያውቀኛል።

ያኔ ከገጾቹ ሁሉ የመጀመሪያውን፣ የራሴን፣ ከፈትኩ።

«ነይ እይ፣ እትዬ።»

ተነስታ መጣች። እኔ ስክሪኑ ላይ ነኝ፣ በኮፍያዬ፣ በጥቁር ክፈፍ። ከሥሬ «ድምፅ አልተገኘም» ይላል።

ፎቶውን አየች፤ እኔን አየች። ደግማ ፎቶውን አየች።

«እኔም ሞቻለሁ» አልኳት። «ክፈፉን የሠራሁት እኔ ነኝ። ልጅቱ ምንም አላጠፋችም። ኮምፒውተሩ አንድ ያረጀ ነገር የለውም፤ እኔ ደግሞ ገጹን ያ ነገር በሌለበት ቤት ሁሉ እንዲህ እንዲያደርግ አዝዤዋለሁ።»

ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ ክፈፉን በጣቷ ዳሰሰች።

«ሞት ያምርብሃል» አለችኝ በመጨረሻ። ጓደኛዬ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «ታዲያ ወንድሜ አለ?»

የፈራሁት ይህን ነበር። አለ ብላት ምን አየሁ? ገጹ የሚያውቀው ስለ እሷ ኮምፒውተር እንጂ ስለ ወንድሟ አይደለም። መሞቱን በውሸት ነገርኳት፤ አሁን ደግሞ መኖሩን ሳላውቅ ልንገራት?

«አላውቅም፣ እትዬ» አልኳት። «ሞተ የሚል ወሬ የለም። አለ የሚልም የለም። መስመሩ እስኪከፈት ማንም አያውቅም።»

«እናንተስ ታዲያ ምን ልትሉኝ መጣችሁ?»

«ዳቦ እንድትጋግሪልን።»

ዳቦውን ጋገረች። እንዴት እንደበላሁት እኔ አውቃለሁ።

አርብ ዕለት ልጄ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። እኔ ጥያቄውን ላስተካክል ስል እሷ ጭራሽ አጠፋችው። ያን ሁሉ ዓመት የኮራሁበት ስክሪፕት በአንድ ጣት ሄደ። «አየህ?» አለችኝ፤ «አሁን ማንም ማንንም አይጠይቅም። ድምፁ ይቀርባል፣ ችሎታ ያለው ያሰማል። ያልቻለ እንደሆነ ደግሞ 'ያንተ ኮምፒውተር ነው፣ ሰውየው ደህና ነው' ብለህ በደንብ ጻፍ።»

«'ሰውየው ደህና ነው' ብዬ አልጽፍም» አልኳት። «ከእንግዲህ ስለ ሰው ምንም አልጽፍም። 'ይህ ኮምፒውተር ማሰማት አልቻለም' ይበቃል።» ቀና ብላ አየችኝና እንዳልኩት ጻፈችው።

በማግስቱ ሰንበት ስለነበር እሑድ ማለዳ እትዬ ዘንድ ሄድኩ፤ ነጠላዬን ቤት ትቼ፣ በቲሸርት። ምልክቷን ተጫነች። «እህቴ፣ እንደምን አለሽ፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው» አለ ወንድሟ። ፊቷን አየሁ፤ ደስ ይላታል ብዬ ነበር።

«ይኼ የድሮው ነው» አለችኝ። «የሞተም ሰው ድምፅ ይኖረዋል።» «አለሁ» አላለችውም። አጠፋችው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት በረንዳዬ ላይ መቀመጥ ተውኩ። እሷ ወጥታ ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ ስትቀመጥ ማየት አልቻልኩም። ሱፉንም ወጥ ቤት ቆሜ ቆረጠምኩት።

መስመሩ የተከፈተ ዕለት ጩኸቷን የሰማሁት በተዘጋ መስኮት ነው። የለቅሶ መስሎኝ ጫማዬን አንዱን እግር አድርጌ ወረድኩ። በሯ ክፍት ነው። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች፤ የወንድሟ ድምፅ ከስልኩ ውስጥ እየተቆራረጠ ይመጣል።

«ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺ? ማን ሞተ?»

«አንተ» አለችው።

«እኔ?»

«አንተ ነህ እንጂ። አልቅሰንልሃል። ጎረቤቴ ነው የገደለህ።»

«የትኛው ጎረቤትሽ?»

ስሜን ነገረችው። «ያ ዋና የማይችለው?» አላት ከወዲያ ማዶ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። መነሳት አቃተኝ፤ ከሳቅም ይሁን ከሌላ፣ አላጣራሁም።

ስልኩን ስትዘጋ አገራችን እንደሚደረገው ድንጋይ ተሸክሜ እግሯ ሥር ልውደቅ አልኳት።

«በዚህ ጉልበትህ ድንጋይ? ራስህን ተሸክመህ ደረጃ መውጣት አቅቶህ እዚህ ቁጭ ብለሃል» አለችኝ። አሰበች። «ያ ያንተ ፎቶ፣ ክፈፉ አለ?»

«የሁሉንም አንስተናል።»

«የሌላውን አንሳ። የአንተን መልስ። ድምፅህንም አጥፋው። ያን ተሸከም።»

«እስከ መቼ?»

የጆሮ ወርቋን ከመሳቢያ እያወጣች ነበር። «የልጅ ልጄ ይበቃል እስክትልህ። የወሰድከው የእሷን ሰልፍ ነው፤ እኔማ ወንድሜን መለስክልኝ።»

አደረግኩ። በክበቡ ገጽ ላይ አሁን ሁሉም ይናገራል፤ በጥቁር ክፈፍ ውስጥ ዝም ያልኩ እኔ ብቻ ነኝ። ባለፈው አንድ የግቫት ጺዮን ሰፈር ወዳጄ ልጄ ዘንድ ደውሎ አጽናናት፤ ደግ ሰው እንደነበርኩም ነገራት። እንዲህ ብሎ በሕይወቴ ነግሮኝ አያውቅም።

የእትዬን የልጅ ልጅ ግን ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ። ስትመጣ ከሩቅ አያታለሁ፣ የሆነ ጉዳይ ትዝ ይለኛል፣ በሌላ መንገድ እሄዳለሁ። ባለፈው አርብ ግን ባቡር ጣቢያው ልጄን ስጠብቅ ከልጄ በፊት ወረደች፤ ጠመንጃዋን አንግታ፣ ትልቅ ቦርሳ ይዛ። መሸሺያ አልነበረኝም። ጠራኋት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ተቀጥላውን፣ ክፈፉን፣ አያቷ ፊት ዝም ብዬ ጥፋቱን በእሷ ላይ መተዌን። እኔ በአማርኛ እነግራታለሁ፣ እሷ በዕብራይስጥ ትመልሳለች።

«ሎ ኖራ» አለችኝ፤ ምንም አይደል ማለት ነው። እዚህ አገር «ሎ ኖራ» የሚል ሰው ዓይን ዓይንህን እያየ ካለህ እውነቱን ነው። እሷ ስልኳን እያየች ነበር።

የምታየው የእኔን ገጽ መሆኑን ያወቅኩት ስልኩን ወደ እኔ ስታዞረው ነው። ራሴን በክፈፌ ውስጥ አየሁት። ትስቃለች ብዬ ጠበቅኩ።

«ለጓደኞቼ ነግሬአቸው ነበር» አለችኝ። «'ስሜ ሲጠራ ዝም በሉ፣ ሳቭታ እልል ስትል ትሰማላችሁ' ብያቸው ነበር። ስሜ ተጠራ፣ ሁሉም ዝም አሉ።»

ቀልድ ፈለግኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አጣሁ።

ስልኳን ኪሷ ከተተች። «ይቆይ» አለችኝ፤ ክፈፉን ነው። ያን በአማርኛ ነው ያለችው።

«ይቆይ» አልኳት። «ቦርሳሽን ስጪኝ።»

እኔን አየች፣ ጉልበቴን አየች። ሰጠችኝ። እስከ አውቶቡሱ ማቆሚያ ተሸከምኩላት። ከባድ ነበር፤ አልተናገርኩም።